በቴሌቪዥን ብቻ ስላለው የእናቴ ክፍል

ለተከበሩ የ«ቤትዎን በእጅዎ» ዝግጅት አቅራቢ፣ በተመልካቾችዎ ዘንድ «አባ መዶሻ» ተብለው ለሚጠሩት፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ክንድዎ፣ ትከሻዎ፣ በተለይም ያ ካሜራ ሲያይ የሚፈካው ፊትዎ ደህና ነው ወይ? እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። ወገቤን የያዘኝ እርስዎ ጀምረውልኝ የሄዱትን የግድግዳ ፍርስራሽ በባልዲ ሳወጣ ስለሆነ፣ እንደ መታሰቢያ ቆጥሬ ተቀብዬዋለሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ከሳሎኗ ጎን ያለችውን ዕቃ ቤት ለእናቷ መኝታና መታጠቢያ ለማድረግ ፈልጋ ለዝግጅትዎ የጻፈችው ልብስ ሰፊ ነኝ። እናቴ ፎቅ ላይ ተከራይታ ትኖር ነበር፤ ጉልበቷ ደረጃ መውጣት እምቢ ካላት ቆይቷል። ይሁን እንጂ የልጅ ቤትም ቢሆን የራሴ በርና የራሴ መታጠቢያ ከሌለኝ አልመጣም ብላ ስለጸናች፣ ያች ክፍል ለቤታችን ትልቅ ጉዳይ ነበረች። እርስዎም ይህን ሲሰሙ በካሜራ ፊት ዓይንዎ እንባ አቅርሮ ነበር። ስለዚያ እንባ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እኔም አብሬዎ ማልቀሴን ጎረቤት ሁሉ አይቶልኛል።

ቅሬታዬን እንደ ወጉ በቁጥር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ስለ መዶሻው። አጎቴ ግንበኛ ነው። ክፍሏን ሊሠራልኝ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ «ባለሙያ ቀላሉን የሚያከብደው እንዲፈለግ ነው» ብለው እርስዎ በዝግጅትዎ ያስተማሩኝን ቃል በቃል ደግሜለት አስቀየምኩት። ከዚያም ክቡርነትዎ መጥተው የመጀመሪያውን ምት ራስዎ መቱ፤ ምትዎም አልሳተም፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ ላይ አረፈ። ውሃው ሰውን ሁሉ ሲያበሰብስ፣ በጎማ ቁራጭ ጠፍሬ እንዳስረው መከሩኝ፤ ሳይሳሳቱ መማር የለም ብለውም አጽናኑኝ። የተሳሳቱት እርስዎ፣ የተማርኩት እኔ በመሆኔ ትምህርቱ በነጻ ደርሶኛል። ጎማው እስካሁን እንደታሰረ ነው፤ ይንጠባጠባል።

ሁለተኛ፣ ስለ «በኋላ»። ዝግጅትዎ ቤቱ በፊት እንዴት እንደነበረና በኋላ ምን እንደሆነ ያሳያል፤ በመካከል የሚሆነውን ግን አያሳይም። የዚህ ጥበብ ምስጢር የገባኝ ዘግይቶ ነው። የ«በኋላ»ው ቀን ሰዎችዎ በጭነት መኪና መጡና ሴራሚክ የተለጠፈበት ቺፑድ በፈረሰው ግድግዳ ላይ አስደገፉ፤ ከየትም መስመር ጋር ያልተገናኘ የእጅ መታጠቢያ አቆሙ፤ አልጋ አነጠፉ። ቧንቧውን ከፍቼ እጄን እንድታጠብ ታዘዝኩ። ውሃ እኮ የለውም ብል፣ የውሃው ድምፅ ኋላ ይጨመርበታል ተባልኩ። እርስዎም ካሜራው እንደጠፋ ዋናውን ሥራ እንጀምራለን ብለው በሰው ፊት ቃል ስለሰጡኝ፣ ደረቅ እጄን እያሻሸሁ ሳቅሁልዎ። ካሜራው ሲጠፋ መጀመሪያ የተነሳው አልጋው ነበር፤ ቀጥሎ መታጠቢያው፣ ቀጥሎ ቺፑዱ፣ በመጨረሻም እርስዎ። ያንኑ መታጠቢያ በሚቀጥለው ዝግጅት በአንድ ጡረተኛ ቤት ቆሞ ሳየው እንደ ዘመድ ናፈቀኝ። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ሲባል እየሰማሁ አድጌያለሁ፤ ፈረስ ስላልነበረኝ እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ዝግጅትዎ ተሰሚነት። አጎቴን ይቅርታ ጠይቄ ድረስልኝ ስለው፣ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ፣ አምሮበታል፣ እጅሽ ይባረክ ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ወደ ቢሮዎ ብመጣ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ወጣት ቤቴ ማለቁን ራሷ እንዳየች ነግራኝ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። ጎረቤቶቼም ክፍሉን ሊጎበኙ መጥተው ፍርስራሹን ሲያዩ፣ ዋናውን የደበቅሁባቸው መስሏቸው በሮቼን ሁሉ በዓይናቸው ሲፈትሹ ዋሉ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባላል፤ የእኔዋን ላም ግን ሀገር ሁሉ ስትታለብ አይቷታል።

የቀረውን በቁጥር ማስቀመጥ አልሆነልኝም። ዝግጅቱን እናቴም አየችው። ክፍሏ አልቆ፣ አልጋዋ ተነጥፎ አየች፤ የውሃዋንም ድምፅ ሰማች። የተከራየችውን ክፍል ቁልፍ ለአከራይዋ መልሳ፣ በድንገት ደስ ልታሰኘኝ ምንም ሳትነግረኝ፣ ትራሷን ታቅፋ ደጄ ላይ ከታክሲ ወረደች። በሩን ከፍቼ ሳያት የሆንኩትን ብጽፍልዎ፣ በመካከል ያለ ነገር ስለሆነ ቆርጠው ይጥሉታል።

አሁን የምትተኛው ሳሎን ሶፋው ላይ ነው። የምትታጠበውም ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ወጥ ቤት ውስጥ በሳፋ ነው። ይህን ሁሉ ችላው ነበር። ክፍሉ አልተሠራም ስላት ግን አላመነችኝም፤ በዓይኗ አይታለች፣ በጆሮዋ ሰምታለች። በልቧ ያደረው፣ ክፍሉን ከሠራሁት በኋላ ለእሷ ሰስቼ አፈረስኩት የሚል ነው። አንድ ቀን የልብስ ስፌት ማሽኔ ላይ ሳለሁ መጥታ አጠገቤ ቆመችና፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ አልመጣም ብዬሽ ነበር፤ ካልፈለግሽኝ ምነው ባላስጓጓሽኝ» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ከድተውኛል። ግድግዳ መልሶ ይገነባል፤ እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ያመነችኝን ልጇን ዛሬ በጎን ነው የምታየኝ።

ስለዚህ ሴራሚክ አልጠይቅም፤ ቧንቧውንም እኔው እታገለዋለሁ። በሚመችዎ ቀን መጥተው፣ ከሶፋው ፊት ቆመው፣ ያ ክፍል ኖሮ እንደማያውቅ በራስዎ አንደበት እንዲነግሩልኝ ብቻ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። እኔን አታምነኝም፤ እርስዎን ታምናለች።

ለእርስዎ ጤና፣ ለመዶሻዎ ርኅራኄ፣ ለቀጣዩ የቤት ባለቤት ደግሞ ትዕግሥት እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ሕመም የተነሳ በሙሉ ማጎንበስ ባልችልም በቻልኩት መጠን እጅ እየነሳሁ፣

የቀድሞ ታማኝ ተመልካችዎ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ መምጣት ባይመችዎ እንኳ ምርቃቱ አይቋረጥብዎትም። እናቴ ማታ ማታ ሶፋው ላይ ጋደም ከማለቷ በፊት፣ «ልጄ ብትነሳኝም፣ ያችን ክፍል የሠራልኝን ሰው ክፉ አይንካው» ትላለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አሜን እላለሁ።