የሚጮኸው የኔ ቤዝ አይደለም

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ልምምድ ነበር። ማማ ኤኪላ መጠጥ ቤት ጓሮ፣ እንደ ሁልጊዜው። ሰፈሩ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። ማንን? እኔን ነዋ! በሰፈራችን ማሲና ውስጥ እንደ እኔ እንደ ኪያላ ቤዝ ጊታር የሚመታ አሳዩኝ... የለም።

የባንዱ አለቃ ያያ ሞንዞ (ታላቅ ወንድም በሉኝ ባዩ) ግን ዛሬም ልማዱን አልተወም። ዘፈኑ እንዳለቀ መጥቶ ቤዙን ከአንገቴ ላይ አወለቀው። በሰው ፊት! "የኔ ዕቃ ነው፣ ላብህን አታንጠባጥብበት" አለኝ። ሰዉ ሳቀ። ከበሮው የሱ፣ ጊታሮቹ የሱ፣ ድምፅ ማጉያው አምፕም የሱ። ዘፋኙም ራሱ። እኛንም የገዛን ይመስለዋል። ልሂድ ካልክ ባዶ እጅህን ነው የምትሄደው፣ ዕቃ የሌለውን ደግሞ ማን ያጫውተዋል?

በቃኝ። ለሞተር ያጠራቀምኩትን አወጣለሁ። የራሴን ቤዝ እገዛለሁ። ከዛ እናያለን ማን ከማን አንገት ላይ ምን እንደሚያወልቅ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ገዛሁ!!

ፓፓ ሉቴቴ ጋ ነው የሄድኩት፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጠው ሽማግሌ። ገና ሳይ ልቤ አንዱ ቀይ ቤዝ ላይ ቀረ። ያብረቀርቃል። ሰውየው አወቀብኝ።

"ልጄ፣ ይሄንን ያዝ። ሴቶቹ ይከተሉሃል።"

"ድሮም ይከተሉኛል። አንተ አንገቱን አሳየኝ።"

አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። እንደ ሙዝ ጎብጧል። የብረት ክሩ ከእንጨቱ በጣም ርቆ ነው ያለው፣ እሱን ስትጫን ጣትህ ይላጣል። መቃኛዎቹም ላልተዋል፣ ጠበቅ ታደርጋቸዋለህ፣ መልሰው ይወርዳሉ። ለፎቶ ይሆናል።

ጥጉ ላይ አንድ ቡናማ ነበር። ቀለሙ የተላጠ፣ ጀርባው ላይ የሆነ ሰው በሚስማር የሴት ስም የጻፈበት። አንገቱ ቀጥ ያለ! ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱን ቦታ እየተጫንኩ መታሁት። እታች አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ይሞታል፣ እዛ ድረስ ማን ይወርዳል? የድምፅ መጨመሪያው ሲዞር ይንኮሻኮሻል። ወዲያ ወዲህ ደጋግሜ ሳዞረው ለቀቀው፣ አቧራ ነው። አምጣ አልኩት።

"ይሄ አስቀያሚውን?"

"አዎ፣ ይሄ አስቀያሚውን።"

እውነትም አስቀያሚ ነው። እንደ ሞንዞ። ልዩነቱ፣ ይሄኛው ከተቃኘ አይወርድም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

ምን ዓይነት ቀን ነው ይሄ...

ቤዜን አንጠልጥዬ ገባሁ። የሞንዞ ፊት! ሎሚ የላሰ ነው የሚመስለው። እሰይ። ከዛ አምፑ ላይ ሰካሁት።

ዝዝዝዝዝዝዝ።

ሳልነካው እኮ ነው! ክሩን በእጄ ስይዘው ትንሽ ይቀንሳል፣ ስለቀው ይመጣል። አጥሩ ላይ ያሉት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። ማሉ፣ የሞንዞ የእህቱ ልጅ፣ ቤዝ መምታት የሚማረው (ሲማር ስንት ጊዜው!)፣ ተነስቶ አየሩን በጥፊ መታ። "ቢምቢ! ቢምቢ ገባ! አጎበር አምጡ!"

አለቀ። ከዛ በኋላ ስሜ ቢምቢ ሆነ። አንዲት ሚካቴ (የዘይት ብስኩት) ጠባሽ ሳትቀር መንገድ ላይ "ቢምቢ፣ ና ትኩስ ልስጥህ" አለችኝ። እኔን! ኪያላን!

ድሮም እኮ ያ አምፕ ዝዝ ይል ነበር። ትንሽ ትንሽ። የሞንዞን ቤዝ ስመታ ግን ማንም ቢምቢ አላለኝም።

ሌላም ነገር አለ። ተቀባይ ሆኜ ልዘፍን ወደ ማይኩ ጠጋ ስል ከንፈሬን ነደፈኝ። ክሩን እንደያዝኩ ነው። ለሞንዞ ነገርኩት። "ማይኩም ጆሮ አለው፣ መጥፎ ድምፅ ሲሰማ ይናከሳል" አለ። ደግሞ ሳቅ።

በመጨረሻ ቁርጡን ነገረኝ። "በ22 እዚሁ ጓሮ የባለ ዳቦ ቤቱ ልጅ ሠርግ አለ። ማሲና በሙሉ ይመጣል። ያ ጣውላህ እንዲህ ከጮኸ ማሉ ነው የሚመታው። በኔ ቤዝ።"

ማሉ! የኔን ቦታ? ሞቼ ነው?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

ንዙዚ ጋ ሄድኩ፣ የአክስቴ ልጅ፣ ፀጉር ቤት ያለው። እሱ ጋ ትልቅ ስፒከር አለ፣ ጊታር ይቀበላል። ቤዙን ሰካሁ።

ጸጥ። ፍጹም ጸጥ። መታሁት... ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፣ የሚላጨው ሰውዬ "ቀስ በሉ፣ ምላጭ ነው!" ብሎ ጮኸ።

እና ቤዙ ንጹህ ነው! ከስድስተኛ ክፍል ቢያባርሩኝም ይሄ ይገባኛል። እዚህ ካልጮኸ፣ እዛ ከጮኸ፣ ሌባው እዛ ነው ያለው።

ኬብሉስ? ኬብሉ የሞንዞ ነው። ነገ የንዙዚን ይዤ ነው የምሄደው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ኬብል ቀየርኩ። ዝዝዝ። ቤዙን ጨርሼ ነቀልኩት፣ አምፑን ብቻውን ለኮስኩት። ዝዝዝ! ብቻውን!! ማሉን ጠርቼ "ና ስማ፣ የማን ቤዝ ነው አሁን የሚጮኸው?" አልኩት። "የለመደ አምፕ ነው፣ አንተን አይቶ ነው" አለኝ። ይሄ ልጅ ጭንቅላቱን ለኮፍያ ብቻ ነው የሚጠቀምበት።

ፍሪጁ ይሆን? ማማ ኤኪላን ለትንሽ ጊዜ አጥፊልኝ አልኳት።

"ፍሪጄን ካጠፋህ አንተን ነው ውስጡ የምቆልፍብህ።"

"ማማ፣ ለአንድ ደቂቃ..."

"ቢራ ሲሞቅ ላንተ ነው የማጠጣው?"

ገበያ እስክትሄድ ጠበቅኩ። አጠፋሁት። ረጅሙን አምፖልም አጠፋሁ። ያው ነው። ከመምጣቷ በፊት መለስኩት። እሷ ግን ፍሪጁን ዳብሳ "ማነው የነካው?" ብላ ጮኸች። ሴትየዋ ጠንቋይ ናት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15

አገኘሁት። አገኘሁት! እኔ! ኪያላ!

የአምፑ ገመድ ሶኬት የለውም፣ ድሮ ተበጥሷል። ሁለቱን ራቁት ሽቦዎች ግድግዳው ላይ ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች ከተው በክብሪት እንጨት ወጥረዋቸዋል፣ እንደ ሁሉም ቤት። ንዙዚ "ገልብጣቸው እስቲ፣ የኔ ስፒከርም ድሮ እንዲህ ሲያደርገኝ ሶኬቱን ገልብጬ ነው የተገላገልኩት" ብሎኝ ነበር። መብራት ያለበትን ሽቦ ስትነካ የምትበራዋን ቴስተሩንም አዋሰኝ።

መጀመሪያ ሳልገለብጥ ቴስተሩን የቤዜ ክር ላይ አደረግኩት። መብራቷ በራች። ክሩ ላይ! እኔ በእጄ የምይዘው ክር ላይ! ለካ ማይኩ አይደለም የነደፈኝ።

ዋናውን አጥፍቼ የግራውን ሽቦ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ። አበራሁ።

ዝዝዝታው ጠፋ። ማማ ኤኪላ ራሷ ድስቷን ትታ ብቅ አለች። "ሞተ እንዴ አምፑ?" "አልሞተም ማማ፣ ዳነ።" ቴስተሩን ክሩ ላይ... መብራት የለም። ማይኩንም ተጠጋሁት። አይናከስም።

ሞንዞ ዛሬ የለም፣ ሰኞ ሲሰማ ምን እንደሚል አያለሁ። እግሬ ስር ይወድቃል።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 17

አልወደቀም።

ሁሉንም ነገርኩት። ሽቦውን፣ ቴስተሩን፣ በተቃራኒ ሲሆን ጊታር ይዞ ማይክ የነካ ሰው እንደሚመታ። ባለፈው ዝናብ እዚሁ ማዶ ኤሌክትሪክ የያዘ የብረት በር ሰው አልገደለም? እሱንም አስታወስኩት። ባንዱ በሙሉ ያዳምጣል። ጥፋቴ እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ ሰው ፊት መናገሬ።

"አንተ ነህ የኔን አምፕ የምታስተምረኝ?"

"ስማው እንጂ ያያ፣ ይጮኻል?"

"አንተ ከመወለድህ በፊት በዚህ አምፕ ዘፍኛለሁ!"

ሄደ፣ ሽቦዎቹን ነቀለ፣ እንደ ድሮው አድርጎ መለሳቸው። በገዛ እጁ። ክብሪቱን ሳይቀር ጠበቅ አድርጎ። ዝዝዝዝ። "እንዲህ ነበር፣ እንዲህ ይቆያል። ጣውላህን ይዘህ ውጣ። ሠርጉ ላይም እንዳላይህ።"

ማሉ አጥሩ ድረስ ሸኘኝ፣ በእጁ ቢምቢ እየገደለ።

ይሄን ሰውዬ መብረቅ ይምታው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 23

ጎኔ ያመኛል። አንድ ዓይኔ ተዘግቷል። በአንዱ ነው የምጽፈው።

ትናንት ሠርጉ ላይ ሄድኩ። ለምን አልሄድም? ማሲና የሞንዞ ነው? አጥሩ ላይ ቆምኩ፣ ከሰው ጋር። ገና ሳይጀምሩ ሰማሁት... ዝዝዝዝ። ማሉ የሞንዞን ቤዝ ይዞ! ሳቄ መጣ። አጠገቤ ላሉት ሁሉ "የማን ቤዝ ነው አሁን? ንገሩኝ፣ የማን?" አልኳቸው። ማሉ ቤዙን ሲነካ ደግሞ ዶሮ አጥር ስታፈርስ ነው የሚመስለው። ሙሽሪት ራሷ ዞራ አየችው። የሕይወቴ ምርጥ ከሰዓት ነበር።

ከዛ ዝናቡ መጣ። ካፊያ። ሸራው ያፈሳል፣ መሬቱ ረጠበ። ሞንዞ ወጣ። የአዞ ቆዳ ጫማውን አውልቆ፣ ጭቃ እንዳይነካበት፣ ባዶ እግሩን! እንግዳ ፊት ሊታይ ያለወትሮው ጊታር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ገመዱን ያው አምፕ ላይ፣ ከማሉ ጎን ሰካው።

እጁ ክሩ ላይ። ላቡ፣ ዝናቡ። ወደ ማይኩ ይሄዳል።

እውነቱን ልጻፍ፣ ማን ያነብብኛል? ቅመሰው ብዬ አሰብኩ። አንዴ ይንደፈው፣ ይወቀው... ከዛ የማዶው የብረት በር ትዝ አለኝ። ሰውየው ለመጮህም አልደረሰም ነበር።

እንዴት አጥሩን እንደዘለልኩ አላውቅም። ጠረጴዛ ገለበጥኩ፣ የማካያቡ (የጨው ዓሣ) ሳህን ነበረበት። "ያያ አትንካው!" እያልኩ ነው፣ ከበሮው ድምፄን ውጦታል። የአምፑ ገመድ ጋ ስደርስ ከንፈሩ ማይኩ ላይ ደረሰ። ቀጥ አለ። እጁ ጊታሩን አልለቅ አለ፣ ዓይኑ ተገለበጠ። ገመዱን በሁለት እጄ ይዤ ከግድግዳው መነጨቅኩት።

ጸጥ። ሞንዞ ጭቃው ላይ በጀርባው ወደቀ።

ከዛማ የሙሽራው ወንድሞች መጡ። "ምቀኛ! ሠርግ የሚያበላሽ ምቀኛ!" አንዷ አሮጊት "እሱ ነው በመብራት የመታው፣ ገመዱን ሲጎትት አይቻለሁ" እያለች ትጮኻለች። በጫማ፣ በወንበር እግር ደበደቡኝ። ቢምቢ፣ ቢምቢ፣ ቢምቢ።

ሞንዞ ተነስቶ ተቀምጦ ነበር። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ያየኛል። ያውቃል፣ ማወቁን ዓይኑ ላይ አይቼበታለሁ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አንድ "ተዉት"።

አላለም። እስኪጨርሱ አየ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25

አልወጣሁም። ንዙዚ ቺክዋንጌ፣ የካሳቫ ዳቦ፣ አምጥቶልኝ ነበር፣ መንጋጋዬ አላኝክ አለኝ። የሞንዞን ሬሳ ባየሁ ይሻለኝ ነበር? አላውቅም። አትጠይቀኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ማሉ መጣ። በራፌ ላይ። አየሩን አልመታም።

"አጎቴ ቅዳሜ ይምጣ ብሏል።"

"የት?"

"ልምምድ። የራሱን ይዞ ይምጣ ነው ያለው።"

"ሌላስ ምን አለ?"

"ምንም።"

"ይቅርታ አላለም?"

"እሱን አታውቀውም እንዴ?"

"ሂድ፣ አልመጣም በለው።"

ማሉ መንገዱ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። "ኪያላ... እኔም ክሩን ይዤ ነበር እኮ" አለኝ። ሮጠ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 29

ሄድኩ። ቦታዬን ለማሉ ልተው?

ማማ ኤኪላ ሳታናግረኝ እጄን ይዛ ግድግዳው ጋ ወሰደችኝ። አንዱ ሽቦ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም። ከአንዱ ቀዳዳ በላይም ቀይ። "ንዙዚን በቴስተሩ አስለክቼው ነው። ቀዩ ቀዩ ውስጥ። ከእንግዲህ የነካው ሰው እጁን እቆርጠዋለሁ" አለች። ከዛ ደግሞ "የፍሪጄን ነገር ግን አልረሳሁም" አለችኝ።

አምፑ ዝም ብሏል። አስቀያሚዬን ሰካሁ። አጥሩ ላይ ያሉት ቢምቢ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፣ የመጀመሪያውን ስመታ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

ሞንዞ በግራ በኩል ቆሟል። ከንፈሩ ላይ ቅርፊት። ሰላም አላለኝም፣ እኔም አላልኩትም። ጠላሁት፣ ዛሬም እጠላዋለሁ፣ ጎኔ እስኪድን፣ ከዳነም በኋላ።

እሱ መዝፈን የሚጀምርበት ደረሰ። ጊታሩን እንዳንጠለጠለ ወደ ማይኩ ሄደና ቆመ። መዝፈን ያለበት ቦታ አለፈ። አልዘፈነም። እኛ ዞረን እንደገና መታን። ያኔም አልጀመረም። ሰዉ ምን ሆነ ይላል።

አንገቱን መለሰና አየኝ።

ቴስተሩን ከኪሴ አወጣሁ፣ የጊታሩ ክር ላይ አደረግኩለት። አልበራችም። ግን ቶሎ አልነገርኩትም። አንድ ዙር አስጠበቅኩት፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ።

ከዛ ራሴን ነቀነቅኩለት። ያኔ ዘፈነ።