ግመሎቹ የደባለቁት ድንጋይ

ሰኞ
ግመሎች ሳጥኖቻችንን ገለበጡ! ከመጨረሻው ጉድጓድ ያወጣነው ድንጋይ ሁሉ መሬት ላይ ተበትኗል። የቁፋሮ ማሽኑ ድንጋዩን እንደ ዱላ ድቡልቡል አድርጎ ነው የሚያወጣው። የምንፈልገው የብረት ማዕድን ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የምናውቀው በቅደም ተከተሉ ነው፤ እኔ ደግሞ ጥልቀቱን ገና አልጻፍኩበትም። ማሽኑ ደግሞ ዓርብ ከሜጋ ተነስቶ ወደ ሻኪሶ ይሄዳል። ድጋሚ መቆፈር የለም። አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ።

ማክሰኞ
የግመሎቹ ባለቤት ኦቦ ጂሎ በጠዋት መጡ። ልቆጣቸው ተዘጋጅቼ ነበር። "አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?" ሲሉኝ ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። ነገሌ ካምፕ ያደግሁ የወታደር ልጅ ነኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ካሉኝ አለቀልኝ።
"ጨው መስሏቸው ነው። ምን ላድርግልሽ?" አሉ።
የማሽኑ ኦፕሬተር ታደሰ፣ "ግመሎቹን ይምከሩልን" ሲላቸው ሁላችንም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። የተሰበረ ድንጋይ የሚገጥመው ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ነው። ሸራ ዘረጋን።

ረቡዕ
ጉልበቴ! ቀኑን ሙሉ ቁጢጥ ብለን ስንገጥም ዋልን። ማግኔት የሚይዘው ጥቁሩ ወደዚህ፣ ግራጫው ወደዚያ። ታደሰ "ገጠመ!" ብሎ ይጮሃል። ኦቦ ጂሎ ጎንበስ ብለው ያዩና፣ "አልገጠመም፤ አስገድደኸው ነው" ይሉታል። ባለቤታቸው የግመል ወተት ላኩልን። ካሳ መሆኑ ነው።

ሐሙስ
ጥቁሩ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ አንድ ስባሪ ጠፋ። ዋናው ቦታ! ሜዳውን አሰስን፣ የለም። ምሳ ልበላ ወጥ ቤት ስገባ ወጥ ሠሪያችን ወይንሸት ነጭ ሽንኩርት ትወቅጥበታለች።
"ለዘነዘና የተሠራ መስሎኝ!" አለች ደንግጣ።
አንዱ ጫፉ ትንሽ ተበልቷል፤ ሌላው ግን ልክክ አለ። የገጠምነውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ለካነው፤ ከጉድጓዱ ጥልቀት ጋር እኩል መጣ። ታደሰ ወይንሸትን አቅፎ አዞራት። ወዲያው ሁሉም ላይ ጥልቀቱን ጻፍኩ።

ዓርብ
ማሽኑ ሄደ። ሳጥኖቹም በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ላብራቶሪ። ኦቦ ጂሎ መኪናው እስኪርቅ አይተው፣ "ብረቱ ብዙ ከሆነ ይህን ሜዳ ትቆፍሩታላችሁ?" አሉኝ።
"ገና አላውቅም አባ።"
"ግመሎቼስ የት ይግጣሉ?"
"ውጤቱ ሲመጣ ከማንም በፊት ለአንቱ ነው የምነግረው" አልኳቸው። እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ጨበጥኳቸው። አለቃዬ ሲሰማ ምን እንደሚል እንጃ። ቃሌን ግን ሰጥቻለሁ፤ ቀለል ብሎኛል።