የኦቦ ደበላ ሞተር

ማክሰኞ

ሞተሩ ዛሬም ተመለሰ። የሶሬቲ አጎት በፒክአፕ ጭኖ አምጥቶ ግቢያችን ውስጥ አራገፈውና «እዚህ ይዘፍናል፣ እዚያ ያስነጥሳል» ብሎኝ ሄደ። ሰላምታው ይኸው ነው።

ካልጻፍኩት ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ያድራል። ሶሬቲን ላገባ ነው። ሽማግሌዎቹ እሑድ ሱሉልታ፣ አባቷ ኦቦ ደበላ ዘንድ ይሄዳሉ። እሳቸው ይህን ሲሰሙ «ልጁ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ። «ሰበታ፣ እናቱ ግቢ ውስጥ ሞተር ይጠግናል፤ ካርቡሬተር ላይ እጁ የተባረከ ነው» ተባሉ። ማን አላቸው? ሶሬቲ ናታ። በማግስቱ ወተት የሚያመላልሱበትን ሞተራቸውን ላኩልኝ።

እምቢ ማለት አልችልም። ዋጋ መጥራት አልችልም። «አርጅቷል፣ ይሽጡት» ማለትማ ጭራሽ።

ረቡዕ

ካርቡሬተሩን ፈታሁት። ያጠብኩትን ደግሜ አጠብኩ። ቤንዚን የሚወርድባትን ቀጭን ቀዳዳ በአየር ነፋሁ፣ ካንዴላውን ቀየርኩ፣ ሚኒሞውን አስተካከልኩ። ጋዝ ሳይሰጠው ቀጥ ብሎ ሠራ። እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ «ይኼማ የልብስ ስፌት መኪና ሆነ» አለች። ደስ አለኝ። ከሰዓት አጎትየው መጥቶ ጫነው።

ሐሙስ

ሶሬቲ ቡራዩ ከምትሠራበት ጸጉር ቤት ደወለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ዛሬም ዳገት ላይ ቆመበት። ጥቁር ጭስ። ወተቱ ፀሐይ ላይ ውሎ ተበላሸ። አባዬ ምን አለ መሰለህ?»

«ምን አሉ?»

«ምንም። እሱ ነው ያስፈራኝ።»

ጥቁር ጭስ ማለት ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ ሞኙ ሰበታ ቆሜ ነው የምለካው። ሱሉልታ ከኛ ከፍ ይላል፣ አየሩ ይሳሳል፤ እዚህ ልክ የሆነው ቤንዚን እዚያ ሞተሩን ያንቀዋል። ያረጀ ካርቡሬተር ደግሞ ትንሽ ለውጥም አይችልም። እዚያው ቆሞ የአየሯን ብሎን ነካ ማድረግ ብቻ ነው መድኃኒቱ።

«ነገ ደርሼ ልምጣ» አልኳት እማዬን።

«ሽማግሌ ሳይረግጠው አንተ ደጃቸውን ልትረግጥ? አላስችል ብሎት መጣ ይበሉህ?»

«ሞተር ልሠራ እኮ ነው።»

«ሞተሩም ያለው የልጅቷ አባት ቤት ነው።»

መንገድ ላይ ልጠብቃቸው ብልስ? እሱም ከአባቷ ጋር ፊት ለፊት መቆም ነው። አይሆንም።

አርብ

የደንበኛ ሞተሮች ግቢ ውስጥ ቆመዋል፣ አልነካኋቸውም። ከበር እስከ ጓዳ፣ ከጓዳ እስከ በር። የታሰረ በግ መስያለሁ። ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ፣ የሽማግሌዎቹ መሪ፣ በአጥር በኩል «ሙሽራው፣ ምነው ተንቆራጠጥክ?» አሉኝ።

«ጋሽዬ፣ እሑድ ሲሄዱ አንዲት ብሎን ነካ ያደርጉልኛል?»

«ልጅዎን ይስጡን ልል ነው የምሄደው፣ ካቻቢቴ ይዤ?»

ቅዳሜ

ሶሬቲ ለነገው ዝግጅት ቤቷ ገብታለች። ጠዋት ደወለች። «አባዬ ገበያ ወጥቷል። ካቻቢቴ ይዣለሁ፣ ንገረኝ።»

ሞተሩን አስነስታ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ጎኑ አስቀመጠችው። አደመጥኩ፤ ይስላል፣ ታፍኗል። ካርቡሬተሩ ጎን ያለችውን ትንሿን ብሎን አሳየኋት፣ በአፍ ማሳየት ከተባለ። «ጥቂት ወደ ግራ።»

«ግራው በየት በኩል ቆሜ ነው?»

ሳቅን። ስትጠመዝዘው ሞተሩ ትንሽ ቀለል አለው። ከዚያ በድንገት፣ ከኋላዋ «ኩን ኤኙ?» የሚል የወንድ ድምፅ መጣ። ማነው ይኼ፣ ማለታቸው ነው። አባቷ።

ብዘጋው ሌባ ልሆን፣ ባልዘጋው ዓይን አውጣ። ስልኩ ጆሮዬ ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። ካቻቢቴው ብረት ሲነካ ሰማሁ። ከዚያ ኦቦ ደበላ ራሳቸው፣ ሰላም ሳይሉ፣ ስም ሳይጠይቁ፦

«እሺ። ከዚህስ ወደየት ልጠምዝዘው?»

«አሁንም ወደ ግራ። ቀስ ብለው… እዚያ ላይ ይተዉት።»

ጋዝ ሰጡት። ሞተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሳ፤ አልታነቀም። «ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው» አሉና ዘጉት።

እንግዲህ አልተገናኘንም። ወይስ ተገናኝተናል? ለእማዬ አልነገርኳትም።

እሑድ

ሽማግሌዎቹ ሄዱ። እኔ ግቢ ውስጥ አንድ ካርቡሬተር ፈትቼ መልሶ መግጠም አቅቶኝ ዋልኩ።

ጋሽ ታደሰ ሲመለሱ ውኃ እስኪጠጡ ጠበቅናቸው። «ደህና ተቀበሉን። እንምከርበት፣ ሌላ ቀን ኑ ብለዋል።» ደንቡ ነው፤ እሺም እምቢም አይደለም።

«ፊታቸውስ?» አለች እማዬ።

«ፊታቸው ደህና ነው። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ስለ ልጅቷ እያወራን፣ መሀል ላይ ‹የጎረቤቴም ሞተር ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይላል› አሉ። ምን አገናኘው? ዕድሜ ነው መሰለኝ።»

«ዕድሜ ነው» አለች እማዬ።

እኔ ቀስ ብዬ ተነስቼ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰካሁት።