ሳባን ለምን እንዳልላክኋት

ለናፍቆቴ ለእማዬ፦ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ? የወረኢሉ ብርድስ እውነት ጠንቶብሽ ነው ወይስ ልታስፈራሪኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ሸኮ ቡናው ቀልቷል። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከጫካው ወርዶ ደጃችን ስለሚደርስ ነቅቼም ገና የተኛሁ ይመስለኛል።

እማዬ፣ ሳባ አራት ዓመት ሞልቷት አንድ ቃል ስላልወጣት፣ ጠበል ተጠምቃ እዚያው አንቺ ጋ እንድታድግ ከጋሽ ወልደጻድቅ ጋር ላኪልኝ ብለሽኝ ነበር። ልብሷን ሁሉ አጥቤ አዘጋጅቼ ነበር። ሰው ዲዳ ሲላት ሆድ ይብሰኛል፣ ደክሞኝም ነበር።

በዚያው ሰሞን የሰው ልጅ ማሰብ እንዴት እንደጀመረ የሚያጠኑ ሰዎች መጡ። አንዱ ዋሻ ቆፍሮ የጥንት ድንጋይ ይለቅማል፣ አንዷ ጫካ ገብታ ዝንጀሮ ስታይ ትውላለች፣ ዶክተር ሕዝቅያስ የሚባለው ደግሞ ልጆች ያጫውታል። ባለቤቴ ጥበቡ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት መጥተው ስለነበር ሳባን ይዤ ሄድኩ። ዶክተሩ ሣጥን በላባ ነካ ነካ ያደርግና ከፍቶ ከረሜላ ያወጣል። ላባው ለምንም አይጠቅም፤ ልጆቹ ግን እሱ እንዳደረገው አደረጉ፣ ሳባም እንዲሁ። ቀጥሎ የጎረቤታችን የሀጂራ ልጅ ማርዋ፣ ገና ሁለት ዓመቷ፣ ሣጥኑን ስትጎትት ሳባ እጇን ያዘቻት። ላባውን አስጨብጣ ቀስ እያደረገች አስነካቻት፣ እስክትከፍትም ጠበቀቻት። ከረሜላውን እንኳ አልቀማቻትም።

ዶክተሩ ይህን አይቶ፣ ሰዎች ቃል ሳይኖራቸው በፊት እንዲህ በእጅ እየተማማሩ ኖረው ይሆናል አለኝ። መቼ ትናገራለች ብዬ ስጠይቀው አላውቅም፣ ጆሮዋን ሐኪም ይይላት አለ። አማን ከተማ ሆስፒታል ወስደን አሳየናት፣ ትሰማለች አሉን።

ከዚያ ወዲህ ቡና ስለቅም ቃል ገና ያልነበራትን አንዲት የጥንት እናት በጭጋጉ ውስጥ አያታለሁ። ዋሻ አፍ ላይ ተቀምጣ ልጇን ታቅፋለች። ስም አላወጣችላትም፣ ስም የሚባል ገና የለማ። ሲርባት ታውቃለች፣ ስትፈራ ታውቃለች። ማንም መጥቶ ልጅሽ ዲዳ ናት አይላትም። እማዬ፣ አበደች አትበይኝ እንጂ በዚያ ዘመን ብንኖር ብዬ ተመኝቻለሁ።

ስለዚህ አልላክኋትም። ጋሽ ወልደጻድቅ ይህን ወረቀት ብቻ ይዞ ሲደርስ እሱን አትቆጪው፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጄን ከዓይኔ ማራቅ አልቻልኩም። ጠበሉን አንቺው ይዘሽልን ነይ።

የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ወንድሜን ተካን መቼ ነው የምታገባው በይልኝ። እትዬ ዲቦራን፣ ለላከችው በርበሬ እጇ ይባረክ በያት። ጥበቡ እጅ ነስቷል። ሳባም ሰላም ብላሻለች፤ እንዴት አድርጋ እንዳለች ግን መጥተሽ እዪው።

ልጅሽ ጽጌሬዳ
ሸኮ፣ ኅዳር ፱ ቀን ፳፻፩ ዓ.ም.