ማሳሳቻውን ቅጠል የፈተኑት የወይዘሮ ሠርካለም ተክለ ማርያም ሕይወት

ወይዘሮ ሠርካለም ተክለ ማርያም በመጋቢት ወር 1962 ዓ.ም. ዳባት ሲወለዱ፣ በአካባቢው ለጨጓራ ሕመም መድኃኒት የሚሰጥ አንድ ቤት ብቻ ነበር። እርሱም የአባታቸው የመሪጌታ ተክለ ማርያምና የእናታቸው የወይዘሮ የሺወርቅ ቤት ነው። መድኃኒቱ ሦስት ዓይነት ቅጠል ደርቆ፣ ተወቅጦና ተቀላቅሎ ይሰጥ ነበር። ከሦስቱ የሚያድነው አንዱ ብቻ ነው ተብሎ ይታመናል። ሁለቱ፣ ሌላ ሰው አይቶ እንዳይለየው የሚጨመሩ ማሳሳቻዎች ናቸው። ዋናውን የሚያውቁት መሪጌታ ብቻ ሲሆኑ፣ ምስጢሩም የሚተላለፈው ለበኩር ወንድ ልጅ ነበር።

የበኩሩ ልጅ አቶ ባርናባስ ግን በሊማሊሞ የጭነት መኪና መንዳትን መረጡ። ቅጠል የሚያስፈልጋቸው መኪና ሲበላሽባቸው አስፋልት ላይ ለመጣል ብቻ እንደሆነ ዛሬም ይናገራሉ።

ወይዘሮ ሠርካለም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዳባት፣ ሁለተኛ ደረጃን በደባርቅ አጠናቀዋል። በ1985 ዓ.ም. በፋርማሲ ተመርቀው ደባርቅ ላይ በመድኃኒት ባለሙያነት ማገልገል ጀመሩ። በ1988 ዓ.ም. በሳንቃ በር የፓርክ ጥበቃ ስካውት ከነበሩት ከአቶ ክንዴ ገዱ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሕሊናንና ሃብተ ጊዮርጊስን ወልደዋል።

በ1999 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ጎንደር ሲሄዱ የመረጡት ጥናት የአባታቸውን መድኃኒት መፈተን ነበር። ዘዴውም አይጦችን አስርቦ መድኃኒቱን መስጠት፣ ቀጥሎ ጨጓራ የሚያቆስል አልኮል ማጠጣት፣ ከዚያም የቁስሉን ስፋት መድኃኒት ካላገኙት ጋር ማነጻጸር ነው። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ፣ «እኔ የማክመው ክርስቲያን ነው፤ አንቺ የምትጠይቂው አይጥ!» ብለው ቢስቁም ከቅይጡ ሰጧቸው። ቁስሉ በሰባ አንድ ከመቶ ቀነሰ። አባት ለአንድ ሳምንት ያህል ያገኙትን ሁሉ «አይጦቹም መሰከሩ» ይሉ ነበር።

ልጅ ግን ቅጠሎቹ ለየብቻ ካልተፈተኑ ጥናቱ አላለቀም አሉ። መሪጌታ ብዙ ካንገራገሩ በኋላ፣ ለምርምሩ ብቻ ብለው ዋናውን ለይተው ነገሯቸው። ስለዚህም የቅጠሎቹ ስም እዚህ አይነበብም።

ውጤቱ ያልተጠበቀ ሆነ። ምስጢር ሆኖ የኖረው ቅጠል ብቻውን ሲሰጥ ቁስሉን የቀነሰው በአሥራ ሁለት ከመቶ ነበር። አንደኛው ማሳሳቻ ምንም አልሠራም። ሁለተኛው ማሳሳቻ፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ ቁስሉን በአርባ ስድስት ከመቶ ቀነሰ።

ወይዘሮ ሠርካለም ይህን ለአባታቸው መንገር ከበዳቸው። የመሪጌታ ስምና ክብር ያረፈው በዚያ ቅጠል ላይ ነበር። ባለቤታቸውን ሲያማክሩ አቶ ክንዴ፣ «ብትደብቂ የአባትሽን ሙያ ያዝሽ ማለት ነው» ብለው አሳቋቸው። በማግስቱ ዳባት ሄደው ሁሉንም ተናገሩ።

መሪጌታም፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ስደብቅ የኖርኩት የቱን ነው?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ የሺወርቅ ከጓዳ፣ «ዋናውንማ ፍየሎቹ ሲበሉት እያዩ ዝም አሉ!» ሲሉ መሪጌታ ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«እንግዲያው የእኔን ቅጠል ጣይው፤» አሉ።

«አልጥልም አባባ። ቅይጡ ሰባ አንድ፣ ማሳሳቻው አርባ ስድስት። መሀል ያለውን ማን ሠራው?»

«ለእኔ ብለሽ ቁጥር እንዳታጣምሚ።»

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም፤ አልገባኝም።»

ወይዘሮ ሠርካለም ይህንኑ ጥያቄ ይዘው፣ ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለጎን፣ በጀትና አይጥ ሲገኝ ፍተሻውን ቀጠሉ። አይጥ ላይ የታየ ነገር ሰው ላይ ታየ ማለት እንዳልሆነ ለጠየቃቸው ሁሉ ያስረዱ፣ ጨጓራው መድማቱን በሚጠቁም መልኩ ሰገራው የጠቆረበትን ሕመምተኛም ቅጠል ሳይፈልግ ሐኪም ቤት እንዲሄድ ያዝዙ ነበር። ይህን ትእዛዝ ለሕመምተኞቻቸው በመድገም አባታቸውን የሚስተካከል አልነበረም። መሪጌታ በ2009 ዓ.ም.፣ ወይዘሮ የሺወርቅ በ2012 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

ወይዘሮ ሠርካለም በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ጨጓራቸውን አንድም ቀን አሟቸው አያውቅም። ባለቤታቸው አቶ ክንዴ፣ ልጆቻቸው ሕሊናና ሃብተ ጊዮርጊስ፣ ወንድማቸው አቶ ባርናባስ እንዲሁም አንድ የልጅ ልጅ በሕይወት አሏቸው። የምሕረት አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበልልን፤ እኛንም ያጽናናን።

የመጨረሻው ፍተሻ ውጤት ኅዳር ላይ የደረሳቸው አልጋ ላይ ሳሉ ነው። ሁለት ጊዜ አንብበው ጮክ ብለው ስለሳቁ፣ ቤተሰቡ እዚህ እንዲነበብ ወስኗል። የመሪጌታ ቅጠልና በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ማሳሳቻ፣ ሁለቱ ብቻ ተቀላቅለው ሲሰጡ፣ የቁስሉ ስፋት በስድሳ ዘጠኝ ከመቶ ቀንሷል።