ሰልፍ አስከባሪው አያታችን

ውድ እህቴ፣

ይህን ቃል የምሰጠው ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ አእምሮዬ ነው፦ ትናንት አያታችንን ዋሽቻቸዋለሁ። አልቆጨኝም፤ ንስሐው ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

ስትሄጂ «አደራ፣ ብርዱ ሳይገባ ይከተቡ» ብለሽኝ ነበር። አምና በሳንባ ምች ተኝተው ትንፋሻቸው እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ሲል፣ እኔና አንቺ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ስንቀልድ ዋልን። እኔ ፈርቼ ነበር። አንቺም እንደፈራሽ አውቃለሁ።

እሳቸው ግን ያው እሳቸው ናቸው። «ክትባት የሕፃን ነው! ቀጥሎ ጡጦ ልታመጡልኝ ነው?» ምች ከብርድ ነው ባይ ስለሆኑ መስኮቱን ሁሉ ጠርቅመው እኛን ይቀቅሉናል።

እኔም ደካማ ጎናቸውን ፈለግሁ። ጡረታ የወጣ የእግር ኳስ ዳኛ ሥርዓት አስከብር ሲባል እምቢ ይላል? «ጤና ጣቢያው ሰው እየተጋፋ አስቸግሮታል፤ ሰልፍ የሚያስከብር ይፈልጋሉ» አልኳቸው። ፊሽካቸውን ይዘው ቀድመውኝ ደረሱ።

ብታዪያቸው! ሰልፉ ክር መሰለ። አንድ ቦርጫም ነጋዴ «እቸኩላለሁ» ብሎ ጣልቃ ሲገባ በፊሽካ ጆሮውን አደንቁረው ወደ ኋላ መለሱት።

ነርሷ ደግሞ ለተሰለፈው ስለ ክትባቱ ታስረዳለች። ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ጤነኛ ልጅ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል፤ በሳልና በማስነጠስ ይሻገራል። ሕፃንና አረጋዊ ላይ ሲበረታ የሳንባ ምች፣ አንዳንዴም ማጅራት ገትር ያመጣል። ክትባቱ ሳልን ሁሉ ባያስቀርም ክፉ ክፉውን ይከላከላል።

አያታችን ዞረው አፈጠጡብኝ። «አንቺ ቃሪያ፣ አፍንጫሽን ጥረጊ!»

ይሄኔ ነጋዴው ከኋላ፣ «ዳኛው፣ እርስዎስ ተከትበዋል?»

ሰው ሁሉ ዞረ። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ተራዬ አልደረሰም።»

«አባባ፣ ይምጡ፣ እዚሁ ልውጋዎት» አለች ነርሷ።

«ይህ ሁሉ ሰው ተሰልፎ?» ብለው ተቆጧት። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሄደው ከነጋዴው ኋላ ተሰለፉ! እንዳያመልጡኝ እኔም ከኋላቸው ቆምኩ።

ተራቸው ሲደርስ እጄን ጨምድደው ያዙ። ተከተቡ፣ እህቴ! ከአምና ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ወረደልኝ። የአንቺም ይውረድ።

ከመርፌው በኋላ ደግሞ፣ ለማንም እንዳትናገሪ እንጂ፣ በቀኝ ዓይናቸው አንዲት የእንባ ጠብታ…

«ቃሪያ! ከኋላሽ ቆሜ እያነበብኩ ነው፤ የማን ዓይን ነው የምትጽፊው?»