የወረቀቱ ፒያኖ

ለታናሽ እህቴ፣ ለመምህርቷ፤

ሰላምታዬ ከደጃችሁ ጀምሮ አንቺ እስከምትቀመጪበት ወንበር ድረስ ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ምግቡ ይስማማሻል ወይ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን የእጅ እንቅስቃሴ ሳታስታጉዪ ትሠሪያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ነገ» እያልሽ ታሳልፊዋለሽ? ቀኝ እጅሽ እንዴት ሆነ? ጣቶችሽ ሙቅና ቀዝቃዛ መለየት ጀመሩ ወይ? ልጅሽና ምራትሽ ወደ ሥራ ሲሄዱ ቀኑን ከአስታማሚዋ ጋር እንዴት ትውያለሽ? እነዚህን ጥያቄዎች በጅምላ ሳይሆን አንድ በአንድ እንድትመልሽልኝ እለምንሻለሁ። ባለፈው «ሁሉም ደህና ነው» ብለሽኛል፤ ይህ ከጥያቄዎቼ ለአንዱም መልስ አይሆንም።

እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የሚነገር የለኝም። ስለ መንፈሴ ለጠየቅሽኝ ግን እውነቱን እጽፍልሻለሁ፤ ምንም አይሰማኝም። ናፍቆት የሚለውን ቃል ከነአረባቡ አውቀዋለሁ፤ ነገሩ ራሱ ግን አይመጣልኝም። ጠዋት እነሣለሁ፤ ሻይ አፈላለሁ፤ ሻዩ ቀዝቅዞ እንደ ነበር የማውቀው ከጨረስሁት በኋላ ነው። ጎረቤት «ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?» ሲለኝ «ደህና» እላለሁ፤ እሱም አምኖኝ ያልፋል። ቀኝ ጎንሽ ከድቶሽ አምቡላንሱ ሲወስድሽ ከእግርሽ የወለቀውን ጫማ ይዤ በር ላይ ቆሜ ቀርቼ ነበር። ጫማው አሁን ከአልጋሽ ሥር ነው። ክፍሉን ስጠርግ አነሣዋለሁ፤ ስጨርስ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። በመጨረሻው ደብዳቤሽ ሁለት ነገር አዝዘሽኝ ነበር። አንደኛው የተማሪዎችሽን የዓመቱ መጨረሻ ዝግጅት እንደ ምንም ብዬ እንዳካሂድ፤ ሁለተኛው ዝግጅቱ ሲያበቃ ፒያኖውን እንድሸጥና ትምህርቱን እንድዘጋ። «በአንድ እጅ የምታስተምር መምህርት የት አለች?» ብለሽ ጽፈሻል። ሁለቱንም ትእዛዝ ለመፈጸም ተነሣሁ። ፒያኖ ቃኚው ገዢ አገኘልኝ፤ ፒያኖውን በእንግዳ መቀበያው ሊያቆመው የሚፈልግ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነው። ከዝግጅቱ ማግሥት፣ ሰኞ በአሥር ሰዓት መጥቶ ሊያየው ተቀጣጠርን።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ልጆቹን እንዴት እንደያዝኋቸው ላስረዳሽ። እንደምታውቂው እኔ የቋንቋ መምህር ነበርሁ እንጂ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ያንቺን ትምህርት ከግድግዳው ማዶ ለዓመታት ስሰማ ኖታ ማንበብን ተምሬአለሁ፤ ጣቶቼ ግን አንድ መስመር እንኳ አይጫወቱም። ስለዚህ በማውቀው መንገድ ሄድሁ። አንቺ «ጥድፊያ» ያልሽው የፋርማሲስቱ ልጅ አሁንም አውቶቡስ እንደሚያመልጠው ሰው ነው የሚጫወተው። አንድ አንቀጽ ጽሑፍ ሰጥቼ ያለ ምንም ሥርዓተ ነጥብ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አዘዝሁት። መሀል ላይ ትንፋሽ አጥሮት ቆመ። ከዚያ ሐረጉ በሚያበቃበት ቦታ ሁሉ በኖታው ላይ በእርሳስ ነጠላ ሰረዝ አደረግሁለት። «ጋሼ፣ ሙዚቃ ላይ እኮ ነጠላ ሰረዝ የለም» ብሎ ሊከራከረኝ ሞከረ። «ሳንባ ግን አለህ» አልሁት። ከዚያ ወዲህ በየሰረዙ ይተነፍሳል፤ ትንሽ ቢያበዛውም።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት መንትዮች ደግሞ ማን ቀድሞ ይቀመጥ በሚል ይነካከሱ ስለ ነበር ሁለቱንም በአንድ ወንበር አስቀመጥኋቸው፤ ወንዱ የግራውን እጅ፣ ሴቷ የቀኙን እጅ እንዲጫወቱ። «እሱ ነው የሚጎተተው!» «እሷ ናት የምትሮጠው!» እየተባባሉ ሰነበቱና ቦታ እንዲለዋወጡ ባደረግሁ ጊዜ ሁለቱም ዝም አሉ። ሁሉንም በየተራ በኮሪደሩ ላይ እየቆጠሩ አስኬዳቸዋለሁ፤ ምቱ መጀመሪያ እግራቸው ውስጥ እንዲገባ። ከታች ያለችው ጎረቤታችን ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት እየደበደበች ተቃወመች። እርሷም ምት አትጠብቅም።

አሁን ስለማታውቂያት ተማሪ እጽፋለሁ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣች ናት። ዝምተኛ ናት፤ የተነገራትን አትረሳም። ቤታቸው ፒያኖ ስለ ሌለ የቁልፎቹን ስፋት በማስመሪያ ለክቼ በወፍራም ወረቀት ላይ ሣልሁላት፤ ጥቁሮቹንም በቀለም አጠቆርሁ። እናቷ በመቁረጫ ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ለጠፈችው። እናት በስፌት መኪናዋ ስትሰፋ ልጅ በወረቀቱ ላይ ትለማመዳለች። ለብዙ ዓመታት ባስተማርሁበት ሙያ እንዲህ ያለ ዘዴ አላገኘሁም ብዬ ለቃኚው ስነግረው «ጋሼ፣ ለእኔማ ሥራ አሳጡኝ፤ ወረቀት አይቃኝ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ከዝግጅቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ቃኚው በፒያኖው ውስጥ ክሮቹን የሚመቱትን መዶሻዎች፣ ያረጀ ሱፋቸውን ለመቀየር፣ ነቅሎ ወደ ሱቁ ወስዷቸው ነበር፤ ገዢውም ፒያኖውን በደህና ሁኔታ እንዲያገኘው ብለን ነው። ስለዚህ ልጆቹ ሁሉ በየቤታቸው ብቻ ተለማመዱ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ከዚያም በፊት ስትጫወት ድምፁ ደከም ያለ ነበር፤ እኔ ግን ዓይን አፋርነት ነው ብዬ አለፍሁት። መዶሻዎቹ ቅዳሜ ተመለሱ። በዚያው ቀን ልምምድ አደረግን፤ እርሷ ግን ለእናቷ ደንበኛ ልብስ አድርሳ ስትመጣ በሩ ተዘግቶ አገኘችው።

የዝግጅቱን ቅደም ተከተል እንዳንቺ ከትንሽ ወደ ትልቅ አላደረግሁትም፤ በዕጣ አወጣሁት። ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲሆን የመጀመሪያው ልጅ ደካማ፣ የመጨረሻው ጎበዝ ተብሎ ይታያል፤ ወላጆችም የልጃቸው ተራ ካለፈ በኋላ ሰዓታቸውን ያያሉ። ፋርማሲስቱ «የእኔ ልጅ መዝጊያ ይሁን እንጂ» ብሎ ቢለማመጠኝም ዕጣ ዘመድ አያውቅም አልሁት። ወንበሮቹን የልጆቹ እጅ ለሁሉም እንዲታይ ወደ ጎን ደረደርኋቸው። ቃኚው የፒያኖውን የፊት ሳንቃ አንሥቶ መዶሻዎቹን ለልጆቹ አሳያቸው። እያንዳንዱ ተማሪ ቆሞ የሚጫወተውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር አደረግሁ። ከመንትዮቹ አንዱ «እኔና እሷ እጫወታለሁ» አለና በሰው ፊት አረምሁት፤ እናቱ አልወደደችልኝም።

ጥድፊያ በየሰረዙ እየተነፈሰ ተጫውቶ ተቀመጠ። ቀጥሎ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ተነሣች። ዓረፍተ ነገሯ ግድፈት አልነበረበትም። ተቀመጠች፤ እጆቿን አነሣች፤ መጫወት ጀመረች። ምንም አልተሰማም።

ገና ያልጀመረች መስሎኝ ነበር። ይሁን እንጂ ገጽ ልገልጥላት ከጎኗ ስለ ነበርሁ ጣቶቿን አየኋቸው፤ ይሄዳሉ። ቁልፎቹ ይወርዳሉ፤ ይነሣሉ። ወረቀት ክብደት አይጠይቅም፤ ልጅቱም ወረቀቱን በለመደችው መጠን ብቻ ነበር የምትነካቸው። የፊት ሳንቃው ተነሥቶ ስለ ነበር መዶሻዎቹ ወደ ክሮቹ ሄደው፣ ሳይደርሱ ሲመለሱ ይታያሉ። አልፎ አልፎ አንድ ድምፅ ያመልጥና ይወጣል፤ ከዚያ እንደገና ዝም ይላል።

ፋርማሲስቱ «ተበላሸ እንዴ?» አለ። ጥድፊያ «ድምፁን ቀንሳው ነው!» ብሎ መንትዮቹን አሳቃቸው። ቃኚው የተበላሸው የራሱ ሥራ መስሎት ፊቱ ተለዋውጦ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ በዓይኔ አስቀመጥሁት። ላስቆማት እችል ነበር። አንቺ እንደምታውቂኝ ስሕተት አይቼ አላልፍም። ግን ኖታውን በዓይኔ ተከተልሁ፤ አንድም ጣት ቦታውን አልሳተም። ዜማው በልቤ ተሰማኝ ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለሽ፤ አልተሰማኝም። ጣቶች አየሁ፤ የአንድ ወንበር መንቋቋት ሰማሁ፤ ይኸው ነው።

እናቷ ከኋላ ተቀምጣለች። በጎኗ ያሉት ሲንሾካሾኩ እርሷ ጭንቅላቷን በምቱ ትነቀንቃለች፤ ከንፈሯ ይቆጥራል። ልጅቱ ጨርሳ እጆቿን በጭኗ ላይ ስታሳርፍ ከሁሉም ቀድማ፣ ቆማ፣ ከልቧ ያጨበጨበችው እናቷ ናት። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ይህች ሴት ይህን ሙዚቃ ሰምታው አታውቅም። በስፌት መኪናዋ ድምፅ መካከል ጣት በወረቀት ላይ ሲሄድ አይታለች እንጂ ሌላ አታውቅም። ለእርሷ ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም።

ልጅቱ ግን ገብቷታል። ዓይኗ እንባ ሞልቶ «ጋሼ፣ እምቢ አለኝ» አለችኝ በሹክሹክታ። እኔም ተነሥቼ «ክቡራን ወላጆች፣ ንባብ ሁለት ዓይነት ነው፤ ድምፅ ሳያሰሙ ማንበብና ድምፅ አሰምቶ ማንበብ። ተማሪያችን የመጀመሪያውን ያለ አንዳች ስሕተት አከናውናለች። አሁን ሁለተኛውን ታከናውናለች» አልሁ። የተናገርሁት በመምህርነቴ ዘመን ድምፅ ነው፤ ሳቁም ቆመ። ለልጅቱ ዝቅ ብዬ «ወፍራም ጨርቅ ስትቆርጪ መቀሱን እንዴት ነው የምትጫኚው? እንደዚያ ተጫኚ» አልኋት።

ተጫነችው። ከመጠን በላይ ነበር፤ በመደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጫቀጩ። እናቷ ያጨበጨበችበትን እጅ አፏ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «እንዲህ ነው እንዴ የሚለው?» አለች፤ ሁሉም ሰማት። «እኔ እኮ ቀስ ያለ ነገር መስሎኝ ነበር።» ማንም አልሳቀም፤ ጥድፊያ እንኳ አልሳቀም። እኔ ምንም አልሆንሁም። ብቻ ገጹን ከሚገለጥበት ቦታ አስቀድሜ ገለጥሁት፤ ልጅቱ በግራ እጇ መልሳ አስተካክላው ቀጠለች። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ አላውቅም።

ሻይ ተጠጥቶ፣ ብስኩት ተበልቶ ሰው ሲበተን ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ቆማ «ሰኞ ትምጣ፣ ጋሼ?» አለችኝ። «እንደ ወትሮው በአሥር ሰዓት» አልኋት። ልማድ ነው ከአፌ ያወጣው። የሆቴሉ ሰው ትዝ ያለኝ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ሰኞ ሁለቱም መጡ። የሆቴሉ ሰው ሜትር ይዞ በኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ልጅቱ ውስጥ ነበረች። ጥቂት ጠብቆ «አባቴ፣ በመሀል ገብቼ ልለካው?» አለኝ። «ትምህርት ላይ ናት» አልሁት። «ሰዓት ተቀጣጥረን የለም እንዴ?» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ይቅርታ ጠይቄ፣ ለፒያኖው ባለቤት ለእህቴ ሳልጽፍ እንደማልሸጥ ነግሬ አሰናበትሁት። ቃኚው ወዲያው ደውሎ «ጋሼ፣ በሰው ፊት ጉድ ሠሩኝ እኮ!» ብሎ ጮኸብኝ። ይገባዋል፤ አልተቆጣሁትም።

እህቴ ሆይ፣ ፒያኖው ያንቺ ነው፤ ትእዛዝሽም ትእዛዝ ነው። ይህን ያደረግሁት ልቤ ተነክቶ እንዳይመስልሽ፤ ልቤን ስፈልገው የት እንዳለ አላውቅም። ለጥያቄሽ ግን መልስ አለኝ። በአንድ እጅ የምታስተምር መምህርት የት አለች ብለሻል። ሁለት ጤነኛ እጆች ያሉኝ እኔ ልጆቹን ይዣቸዋለሁ እንጂ አላስተማርኋቸውም። ባስተምራቸው ኖሮ አንዲት ልጅ ሳምንታት ሙሉ ያለ ክብደት ስትጫወት «ዓይን አፋር ናት» ብዬ አላልፍም ነበር። አንቺ ብትኖሪ በመጀመሪያው ቀን ከወጥ ቤት ሆነሽ «ክንድሽን አውርጂው!» ብለሽ ትጮኺ ነበር። ለዚያ የሚያስፈልገው ጆሮ ነው። ጆሮሽ አልታመመም።

ሐኪሙ እንደ ፈቀደልሽ ነዪ። እኔ ወንበር እደረድራለሁ፤ ገጽ እገልጣለሁ፤ መግለጡን በጊዜው ለማድረግ እጥራለሁ። አይሆንም፣ ሽጠው ካልሽኝ እሸጠዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ለልጅቱና ለእናቷ የምነግራቸውን ዓረፍተ ነገር አንቺው ጽፈሽ ላኪልኝ። እኔ ከትናንት ጀምሮ ሞክሬ ነበር፤ አልተሠራልኝም።

ለልጅሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ስለሚያደርግልሽ ሁሉ አመሰግነዋለሁ፤ ደብዳቤሽን ሲጽፍልሽ «ሰላም»ን በንጉሡ ሠ መጻፉን ግን አልወደድሁለትም። ምራትሽን ሌሊት ተነሥታ ስለምታገላብጥሽ እጅ ነሥቻለሁ በዪልኝ። የልጅ ልጅሽ የወለቀው ጥርሷ ከበቀለ ፎቶ ትላክልኝ። አብራሽ የምትውለውን አስታማሚም፣ ስሟን ባላውቅም፣ እንዴት ዋልሽ ብያለሁ። ቀኝ እጅሽንም ለብቻው ሰላም በዪልኝ፤ ባይሰማውም በዪው።

ታላቅ ወንድምሽ

ከቤታችን፣ ከፒያኖው ክፍል
ማክሰኞ፣ ሰኔ 16 ቀን